ሥዕል አፉን ሲፈታ

ሰው በካሜራ ፊት ቆሞ ሲናገር የከንፈሩ መንቀሳቀስና የድምፁ መሰማት ከአንድ አካል በአንድ ቅጽበት የሚወጡ እንደ መሆናቸው መጠን፣ ፊልም ቀራጩ ሁለቱን በየመሣሪያቸው ተቀብሎ ሳይለያዩ ጠብቆ ከማቆየት በቀር ሌላ ብዙ ድካም የለበትም፤ በእጅ የተሣለ ወይም በኮምፒዩተር የተበጀ ገጸ ባሕርይ ግን ሳንባም ጉሮሮም ልሳንም የሌለው ፍጡር ስለ ሆነ፣ ከአፉ የሚወጣ የሚመስለው ቃል ሁሉ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ሰው አንደበት ተነግሮ ከሥዕሉ ጋራ የተጣመረ ነው። ተመልካቹ ይህን አያስብም፤ እንዲያስብም አይፈለግም። ፉጨቱ ከተሣለው አይጥ ከንፈር የወጣ፣ የመዝጊያው ጓታ ከበሩ እንጨት የመጣ ከመሰለው ባለሙያው ሥራውን ፈጽሟል ማለት ነው። ነገር ግን ድምፁ ከሥዕሉ ጥቂት ቢቀድም ወይም ጥቂት ቢዘገይ፣ ያው ተመልካች ምክንያቱን ለይቶ መናገር ባይችል እንኳ፣ አንድ ነገር እንደ ተዛባ ወዲያው ልቡ ይነግረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የድምፅ ፋይል ወደ አኒሜሽን ሶፍትዌር እንዴት እንደሚገባና ከሥዕሉ ጋራ እንዴት እንደሚጣጣም፣ ሙያው የሌለው አንባቢ እንኳ ሊከተለው በሚችል መንገድ ማስረዳት ነው፤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። የነገሩ ሁሉ መሠረት አንድ ሕግ ነው፤ ይኸውም በአኒሜሽን ሥራ ውስጥ የጊዜ ገዥ ድምፅ ነው፣ ሥዕል ተከታይ ነው የሚለው ነው። የፕሮግራሙ ስም ምንም ይሁን ምን፣ ከዚህ በታች የሚነገረው ቍጥርና ሥርዓት፣ የሚጠቀሰውም ስሕተት ሁሉ ከዚህ ሕግ የሚመነጭ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ሲጓዝ ብርሃን ግን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚከንፍ፣ በማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ምሳሩ ሲወርድ አስቀድሞ ይታያል፣ ድምፁ ግን ጥቂት ቆይቶ ይሰማል። ስለዚህ የሰው አእምሮ ከሕፃንነት ጀምሮ ዘግይቶ የሚመጣን ድምፅ መታገሥ ለምዷል፤ ከምክንያቱ ቀድሞ የሚደርስን ድምፅ ግን የተፈጥሮን ሥርዓት እንደ ጣሰ ነገር አይቀበለውም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ተመልካች ድምፁ ሲቀድም ከ45 ሚሊ ሰከንድ ጀምሮ፣ ሲዘገይ ግን ከ125 ሚሊ ሰከንድ ጀምሮ ጕድለቱን ሊያስተውል እንደሚችል ማመልከቱ ይህንኑ ልዩነት የሚመሰክር ነው። በሰከንድ 24 ሥዕሎች በሚሮጡበት ፊልም እያንዳንዱ ሥዕል፣ ባለሙያዎቹ ፍሬም የሚሉት፣ 42 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ በአንድ ፍሬም መቅደም ማለት ከተመልካች የማስተዋል ወሰን ደፍ ላይ መቆም ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ዐይንና ጆሮ በየፊናቸው የሚሠሩ ሁለት ምስክሮች አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ቃል ይለውጣል። ሃሪ መጉርክና ጆን ማክዶናልድ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1976 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ «ጋ» የሚል ሰው ከንፈር እየታየ «ባ» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ብዙዎቹ ተመልካቾች ከሁለቱም ያልሆነ «ዳ» የሚል ድምፅ እንደ ሰሙ ገለጹ። እንግዲህ ከንፈሩ በተሳሳተ ጊዜ የተከፈተ ገጸ ባሕርይ መልኩ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ የሚናገረው ቃል ራሱ ለሰሚው ሊደበዝዝ ይችላል።

ይህን ችግር መጀመሪያ የተጋፈጡት ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን የነበሩ ሠዓልያን ናቸው። ማክስና ዴቭ ፍላይሸር የተባሉ ወንድማማቾች ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሊ ደ ፎረስት የተባለው አሜሪካዊ ፈልሳፊ ድምፅን በፊልም ጠርዝ ላይ በሚያትምበት ዘዴ እየተጠቀሙ፣ ተመልካቹ አብሮ የሚዘፍንባቸውን አጫጭር ሥዕላዊ ፊልሞች አሳይተው ነበር። የዓለምን ልብ የሳበው ግን ዋልት ዲዝኒ ኖቬምበር 18 ቀን 1928 ዓ.ም. በኒውዮርክ በኮሎኒ ቴአትር ቤት ያሳየው፣ ሚኪ ማውስ የተባለው አይጥ በመርከብ ላይ እያፏጨ የሚታይበት «ስቲምቦት ዊሊ» የተባለው አጭር ፊልም ነው። የዚህ ፊልም ባለሙያዎች ሥዕሉን ጨርሰው ድምፁን እንደ አጋጣሚ ከማልበስ ይልቅ ሥራውን ከመነሻው በዜማ ምት ከፍለው ነበር የተነሡት፤ እናቱ የፒያኖ መምህርት የነበረችው ወጣቱ ዊልፍሬድ ጃክሰን ሜትሮኖም የሚባለውን የምት መቍጠሪያ ይዞ መጥቶ፣ ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም የሚሮጥ ከሆነ እያንዳንዱ ምት በስንተኛው ፍሬም ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ በሒሳብ ሊታወቅ እንደሚቻል አሳየ።

ነገር ግን ሒሳቡን ማወቅ ብቻውን አልበቃም። የሙዚቃው ጓድ ድምፁን ለመቅረጽ በኒውዮርክ መጀመሪያ በተሰበሰበ ጊዜ ሙዚቀኞቹ ከሥዕሉ ፍጥነት ጋራ እኩል መሄድ ስላቃታቸው ድካሙም ገንዘቡም ባከነ። ዲዝኒ ለሁለተኛው ቀረጻ ገንዘብ ለማግኘት መኪናውን እስከ መሸጥ ደረሰ፤ በዚህም ጊዜ ምቱን ለዐይን የምታሳይ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የምትነጥር ኳስ በፊልሙ ላይ ታትማ፣ የጓዱ መሪ እርስዋን እየተመለከተ ስለ መራ ሥራው ሠመረ። ዛሬ በኮምፒዩተር መስታወት ላይ በጊዜ መስመሩ ላይ ስትንሸራተት የምናያት ቀጭን ዘንግ የምትፈጽመው አገልግሎት ይኸው ነው።

በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ካሜራውም ማሳያውም ብዙ ጊዜ በእጅ ይዞር ስለ ነበረ ፍጥነቱ እንደ ባለሙያው ክንድ ይለዋወጥ ነበር፤ ዐይንም ይህን ሁሉ ይቅር ይል ነበር። ድምፅ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ከታተመ በኋላ ግን የፍጥነት መለዋወጥ የዜማው መቅጠንና መወፈር ሆኖ ይሰማ ጀመር፤ ጆሮም ይህን ፈጽሞ አይታገሥምና ኢንዱስትሪው በሰከንድ 24 ፍሬም ላይ ጸና። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ጫማ ርዝመት 16 ፍሬሞችን ስለሚይዝ፣ ይህ ፍጥነት በደቂቃ 90 ጫማ ይሆናል። ዛሬ ሶፍትዌር ስንከፍት መጀመሪያ የምናገኘው 24 የሚለው ቍጥር እንግዲህ ለዐይን ሲባል ብቻ የተወሰነ ሳይሆን በጆሮ ጠባይ አስገዳጅነት የጸና ነው።

የሥራውም ሥርዓት በዚያው ዘመን ተደላደለ። ተዋናዮቹ ንግግራቸውን አስቀድመው ይቀርጻሉ፤ ከዚያም የድምፅ አንባቢ የሚባለው ባለሙያ ፊልሙን በመሣሪያው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየጐተተ፣ የትኛው ፊደል በስንተኛው ፍሬም ተጀምሮ በስንተኛው እንደሚያበቃ በጆሮው ለይቶ፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ፍሬም በሆነበት «ኤክስ ሺት» በተባለ ረዥም ሠንጠረዥ ላይ ይጽፈዋል። የአገራችን የዜማ ሊቃውንት በድጓው ፊደል ራስ ላይ ይዘትን፣ ድፋትን፣ ቅናትን፣ ሒደትን፣ ቍርጥን እያኖሩ የትኛው ቃል እንዲሳብ፣ የትኛውም እንዲቈረጥ ለዘማሪው እንደሚያስታውቁ ሁሉ፣ ይህም ሠንጠረዥ በአየር ላይ የሚያልፈውን ድምፅ በዐይን የሚነበብ ምልክት አድርጎ ለሠዓሊው ያቀርብለት ነበር። ሠዓሊውም ድምፁን ሳይሰማ እንኳ፣ በ37ኛው ፍሬም ላይ ከንፈር መዘጋት እንዳለበት ከወረቀቱ አንብቦ ይሥላል።

የዛሬው ሶፍትዌር ይህን ሁሉ በአንድ ገበታ ላይ ሰብስቦታል፤ ድምፁ ግን ባሕርዩን ለውጦ፣ በፊልም ጠርዝ የታተመ ጥላ መሆኑ ቀርቶ የቍጥሮች ተራ ሆኗል። በፊልምና በቪዲዮ ሥራ ዘንድ የተለመደው አሠራር የድምፁን ሞገድ በሰከንድ 48,000 ጊዜ መለካት ሲሆን፣ በሙዚቃ ሲዲ ዘንድ የተለመደው ግን 44,100 ጊዜ ነው። ልዩነቱ ከንቱ አይደለም፤ 48,000ን ለ24 ብናካፍል እያንዳንዱ ፍሬም ልክ 2,000 ልኬቶች ይደርሱታል፣ ለ25 ብናካፍልም 1,920 ይሆናል፤ 44,100ን ለ24 ብናካፍል ግን 1,837 ተኩል ወጥቶ ልኬቱን በፍሬሙ ወሰን ላይ ለሁለት መክፈል ግድ ይላል። ደኅና ፕሮግራም አንዱን ወደ ሌላው ራሱ ይመልሰዋል፤ የፋይሉ ልክ በስሕተት ተነብቦ በ44,100 የተቀረጸው በ48,000 ፍጥነት ቢጫወት ግን፣ ንግግሩ ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ፈጥኖ፣ ድምፁም ቀጥኖ ይሰማል፤ ጐልማሳውም እንደ ልጅ ይናገራል።

የፋይሉም ዐይነት ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ማይክሮሶፍትና አይ ቢ ኤም በ1991 ዓ.ም. ያወጡት ዌቭ የተባለው ፋይል ብዙውን ጊዜ ልኬቶቹን ሳይጨምቅ በተራ ስለሚያስቀምጣቸው፣ ፕሮግራሙ የፈለገውን ቅጽበት ሳይሳሳት ያገኛል፤ ዋጋው ስፋቱ ነው፣ በ48,000 ልኬትና በ16 ቢት የተቀረጸ የሁለት መስመር ድምፅ በደቂቃ 11.5 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛልና። ኤም ፒ ስሪ በአንጻሩ ድምፁን 1,152 ልኬቶችን በያዙ ክፍሎች እየጨመቀ ያስቀምጣል፤ ሲጨመቅም በመነሻው ላይ አጭር ጸጥታ ይጨመርበታል፣ የመጨመቂያው ልክም ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ሲሆን አንዳንድ ፕሮግራም መካከሉን ሲፈልግ ቦታውን ይስታል። በስልክ ለሚደመጥ ዘፈን ይህ ምንም አይደለም፤ ከንፈር ለሚመራ ድምፅ ግን የአንድ ፍሬም መንሸራተት ከዚህ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ድምፁ በስልክም ቢሆን ተቀርጾ የመጣ እንደ ሆነ፣ ወደ አኒሜሽኑ ከመግባቱ በፊት በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ተጠርጎ፣ ትርፍ ጸጥታው ተቈርጦ፣ በዌቭ መልክ በ48,000 ልኬት መቀመጥ ይገባዋል፤ የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ንግግርም በየፋይሉ ተለይቶ በትዕይንትና በተራ ቍጥር ቢሰየም፣ ኋላ ፍለጋው ይቀላል።

ለምሳሌ ብሌንደር የተባለውን ፕሮግራም እንውሰድ፤ ይህ ቶን ሮዘንዳል በተባለ ሆላንዳዊ መሪነት የተሠራ፣ በ2002 ዓ.ም. ከሕዝብ 100,000 ዩሮ ተሰብስቦ ለማንም ሰው በነጻ የተለቀቀ ሶፍትዌር ስለ ሆነ፣ አቅም ለሌለው ወጣት ሁሉ ደጁ ክፍት ነው። በዚህ ፕሮግራም ድምፅ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ የፍሬሙን ፍጥነት ይወስናል፤ ከዚያም ወደ ቪዲዮ ማቀናበሪያው ክፍል ገብቶ፣ «አድ» ከሚለው ዝርዝር «ሳውንድ» የሚለውን መርጦ፣ ፋይሉን ከመጀመሪያው ፍሬም ላይ ያኖረዋል። የድምፁ ሞገድ በመስመሩ ላይ እንዲሣል ሲታዘዝ፣ ቃሉ የሚፈነዳበት ከፍታና ትንፋሹ የሚያርፍበት ዝቅታ ለዐይን ይገለጣል። «ኦዲዮ ስክራቢንግ» የሚለው ምልክት ሲደረግበት ደግሞ፣ ሠራተኛው የጊዜውን ዘንግ በጐተተ ቍጥር በዚያ ፍሬም ያለችው የድምፅ ቅንጣት ትሰማለች፤ የጥንቱ ድምፅ አንባቢ ፊልሙን እየጐተተ ይሠራው የነበረው ሥራ ይህ ነው።

ብዙውን ጀማሪ የሚያስተው ግን የማጫወቻው ሥርዓት ነው። ኮምፒዩተሩ ከባዱን ሥዕል በሰከንድ 24 ጊዜ አስልቶ ማሳየት ሲያቅተው ከሁለት አንዱን ሊያደርግ ይችላል፤ ወይም እያንዳንዱን ፍሬም ሳይዘል በዝግታ ያሳያል፣ በዚህን ጊዜ ድምፁ ብቻውን ሮጦ ያመልጣል፤ ወይም ድምፁን የጊዜ ዳኛ አድርጎ፣ ሊደርስባቸው ያልቻላቸውን ፍሬሞች እየዘለለ ከድምፁ ጋራ እኩል ይሄዳል። በብሌንደር ሁለተኛው ሥርዓት «ሲንክ ቱ ኦዲዮ» ይባላል። በመጀመሪያው ሥርዓት እያየ የሚሠራ ሰው በእውነቱ ያልተዛባውን የተዛባ መስሎት ደኅናውን ከንፈር እያዘዋወረ ሲያበላሽ ይውላል፤ የተጠናቀቀው ፊልም ሲወጣ ግን ጥፋቱ ይገለጥበታል። በቀድሞው ፍላሽ፣ ዛሬ አዶቢ አኒሜት በሚባለው ፕሮግራምም ይኸው ምርጫ በሌላ ስም ይገኛል፤ «ኢቨንት» ተብሎ የገባ ድምፅ ከተነሣ በኋላ የሥዕሉን መቆም ወይም መዘግየት ሳይመለከት እስከ ፍጻሜው ሲሄድ፣ «ስትሪም» ተብሎ የገባው ግን ሥዕሉን እየጐተተ ከራሱ ጋራ ያስኬደዋል። የበር ጓታና የአዝራር ጠቅታ በመጀመሪያው ቢገቡ አይጐዱም፤ ንግግርና ከምት ጋራ የሚሄድ ዜማ ግን በሁለተኛው መግባት አለባቸው።

የፍሬሙ ፍጥነት አስቀድሞ ይወሰን ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ሥዕሉ የሚቈጠረው በፍሬም፣ ድምፁ የሚለካው በሰከንድ ስለ ሆነ፣ በ24 ፍጥነት በ240ኛው ፍሬም ላይ የተሠራ የከንፈር መዘጋት በዐሥረኛው ሰከንድ ላይ ይወድቃል፤ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ፍጥነቱ ወደ 25 ቢለወጥ ግን ያው 240ኛ ፍሬም ወደ 9.6 ሰከንድ ይሸሻል፣ ድምፁ ግን በቦታው ይቀራል። ኢትዮጵያን ጨምሮ የፓልን ሥርዓት በተቀበሉ አገሮች ቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚያሳይ፣ በ24 የተሠራ ፊልም በዚያ ፍጥነት ሲጫወት በ4 በመቶ ይፋጠናል፤ የ10 ደቂቃውም ሥራ 24 ሰከንድ ያጥራል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚሠራበት 23.976 የሚባል ፍጥነት ደግሞ ከ24 በሺህ አንድ ያህል ብቻ ስለሚያንስ ዐይን አይለየውም፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው ጋራ ሲደባለቅ በ10 ደቂቃ ውስጥ 14 ፍሬም ያህል ያርቃል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ሥራውን ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲያሻግሩ፣ ፊልሙ ከመጀመሩ ልክ ሁለት ሰከንድ በፊት የአንድ ፍሬም ርዝመት ያላት «ጢት» የምትል ምልክት የሚያኖሩት፤ ምልክቷ በሁለቱም ዘንድ በአንድ ፍሬም ላይ ከተገኘች መነሻው እንደ ጸና፣ ሌላዋም በፊልሙ ማብቂያ ከተደገመች እስከ መጨረሻው እንዳልተንሸራተተ ይታወቃል።

ድምፁ ገብቶ ከተረጋጋ በኋላ የሚቀረው ከንፈሩን ማናገር ነው። የአሜሪካ ሠዓልያን ለዚህ ሥራ ወደ ዐሥር የሚጠጉ የአፍ ቅርጾችን አስቀምጠዋል፤ ከእነዚህም በሠዓሊው በፕሬስተን ብሌር መጽሐፍ የታተሙት በየትምህርት ቤቱ የታወቁ ናቸው። አማርኛ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ለሚሠራ ሰው ግን ሠንጠረዡን ከባዕድ አገር መዋስ አያስፈልገውም፤ ሰባቱ የፊደላችን ቤቶች ራሳቸው የአፍ ቅርጽ ሠንጠረዥ ናቸውና። በግዕዙ አፍ ሳይለጠጥና ሳይሾል በመጠኑ ይከፈታል፤ በካዕቡ ከንፈር ሾሎ ወደ ፊት ይወጣል፤ በሣልሱ ወደ ጉንጭ ይለጠጣል፣ ጥርስም ይገጥማል፤ በራብዑ መንጋጋ ወርዶ አፍ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ በኃምሱ እንደ ሣልስ ተለጥጦ ጥቂት ይሰፋል፤ በሳድሱ ያለ ጥረት ገርበብ ይላል፤ በሳብዑ ደግሞ ከንፈር ክብ ይሠራል። በእነዚህ ላይ የከንፈር መዘጋትን ለበ፣ ለመ፣ ለፐና ለጰ፣ የላይኛው ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ ማረፍን ለፈና ለቨ፣ የምላስ ወደ ላይ መነሣትን ለለና ለነ ብንጨምር ዐሥሩ ቅርጾች ይሞላሉ። ቋ፣ ጓ፣ ኳ ያሉት ፊደላት በአንድ ምልክት ቢጻፉም፣ ከንፈር አስቀድሞ ሾሎ ከዚያ ስለሚከፈትባቸው ሁለት ቅርጾች በተከታታይ ይሻሉ።

«ሰላም» የሚለው ቃል በግማሽ ሰከንድ፣ ማለትም በ12 ፍሬም ተነገረ እንበል። ሠዓሊው ድምፁን እየጐተተ ሲያዳምጥ፣ ጥርስ የሚገጥምበትና አፍ በመጠኑ የሚከፈትበት ሰ 3 ፍሬም፣ መንጋጋ የሚወርድበት ላ 6 ፍሬም፣ ከንፈር የሚዘጋበት ም 3 ፍሬም እንደ ያዘ ሊያገኝ ይችላል። ከሁሉም ይልቅ ሊጠበቅ የሚገባው የመጨረሻው መዘጋት ነው፤ ተመልካች የአናባቢው ስፋት በጥቂቱ ቢሳሳት ላያስተውል ይችላል፣ በመና በበ ጊዜ ያልተዘጋ ከንፈርን ግን ሳያይ አያልፍም። ስለዚህ ንግግሩ ቢፈጥንና ለመዘጋቱ አንድ ፍሬም ብቻ ቢደርሰው፣ ከፊቱ ካለው አናባቢ አንድ ፍሬም ወስዶ ሁለት ማድረግ የቈየ ልማድ ነው። ሰውም በተፈጥሮው ቃሉ ሳይፈነዳ ከንፈሩን ስለሚያዘጋጅ፣ ቅርጹን ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ማስቀደም ብዙ ጊዜ ይበልጥ እውነተኛ ያስመስለዋል፤ ማዘግየት ግን ፈጽሞ አይመከርም።

በአማርኛ ደግሞ ፊደሉ የማይነግረን የጊዜ ምሥጢር አለ፤ እርሱም መጥበቅና መላላት ነው። ሰው «ይሰማል» ስንል ማ ላልቶ ከንፈር ጥቂት ተዘግቶ ይከፈታል፤ ድምፅ «ይሰማል» ስንል ግን ማ ስለሚጠብቅ ከንፈሩ ረዘም ላለ ጊዜ ተዘግቶ ይቆያል። ጽሑፉን ብቻ አይቶ የሚሠራ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ድምፁን የሚያዳምጥ ግን ለየራሳቸው የፍሬም ብዛት ይሰጣቸዋል። እንዲሁም ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸና ጰ በጕሮሮ ታፍነው በድንገት ስለሚፈነዱ፣ ከመከፈቱ በፊት አፉ ጠበቅ ያለበት ፍሬም ካልተሣለላቸው ኀይላቸው ይጠፋል።

ይህን ሥራ በራሳቸው የሚሠሩ መሣሪያዎችም ተነሥተዋል። በሜይ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. «ዘ ሲምፕሰንስ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም፣ ሆመር የተባለው ገጸ ባሕርይ ተዋናዩ በዚያው ሰዓት በሚናገረው ድምፅ ከንፈሩ እየተመራ የተመልካቾችን ጥያቄ በቀጥታ ስርጭት መልሷል፤ ይህም በአዶቢ ካራክተር አኒሜተር የተፈጸመ ነው። ሩባርብ የተባለው ነጻ መሣሪያ ደግሞ የድምፅ ፋይል ተቀብሎ ስድስት መሠረታዊ የአፍ ቅርጾችን በየሰዓታቸው ዘርዝሮ ይሰጣል፤ ሁለት የአደማመጥ መንገዶች ሲኖሩትም አንዱ እንግሊዝኛን ብቻ የሚያውቅ፣ ሌላው ግን ቋንቋ ሳይለይ በድምፁ ጠባይ የሚመራ ስለ ሆነ፣ ለአማርኛ ሁለተኛው መመረጥ አለበት። ሆኖም መሣሪያው የሚያቀርበው ረቂቅ ነው፤ መጥበቁንና መላላቱን፣ የተዋናዩን ስሜት፣ የቃሉን ክብደት የሚያርመው የሰው ጆሮ ነው።

ድምፅ ይቅደም የሚለውን ሕግ ያልተከተሉም አሉ። በፍላይሸር ስቱዲዮ ፖፓይ የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚታይባቸው ፊልሞች ንግግር ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ይቀረጽ ስለ ነበረ፣ ተዋናዩ ለራሱ እንደሚያጕረመርም ሰው ከንፈር ባልተሣለበት ቦታ ሁሉ ቃል ይጨምር ነበር፤ ይህም የገጸ ባሕርዩ መታወቂያ ሆነ። በጃፓንም ሥዕል ቀድሞ ድምፅ የሚከተልበት ልማድ ስለ ጸና፣ አፉ በጥቂት ቅርጾች ብቻ ይከፈታል ይዘጋል፤ በ1988 ዓ.ም. የወጣው «አኪራ» የተባለው ፊልም ግን ንግግሩ አስቀድሞ የተቀረጸ በመሆኑ እስከ ዛሬ እንደ ልዩ ሥራ ይጠቀሳል። በአገራችንም ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ ተዋንያኑ ለተዘጋጀ ባዕድ ከንፈር ቃል መፈለግ ግዴታቸው ሆኗል። አኒሜተር ግን ይህ እስር የለበትም፤ ከንፈሩ ገና አልተሣለምና ድምፁን ማስቀደም በእጁ ነው።

ንግግር በሌለበትም ሕጉ አይሻርም። በ24 ፍጥነት በአንድ ደቂቃ የሚያልፉትን 1,440 ፍሬሞች በደቂቃ ውስጥ ባሉት የዜማ ምቶች ብዛት ብናካፍል አንድ ምት ስንት ፍሬም እንደሚይዝ እናገኛለን፤ በደቂቃ 120 ምት ያለው ዜማ በየ12 ፍሬሙ፣ 90 ምት ያለው በየ16 ፍሬሙ ይመታልና፣ እግር መሬት የሚረግጥበት ፍሬም ከዚህ ሒሳብ ይገኛል። በ2025 ዓ.ም. በረዥም አኒሜሽን ፊልም ዘርፍ የኦስካርን ሽልማት ያገኘው፣ በላትቪያዊው ጊንትስ ዚልባሎዲስ የተሠራው «ፍሎው»፣ በዚያው በብሌንደር የተዘጋጀና አንድም ቃል የማይነገርበት ነው፤ ተመልካቹን የሚይዘው የእንስሳቱ ድምፅ፣ የውኃውና የሙዚቃው መጣጣም ነው።

በመጨረሻ ፊልሙን ከፕሮግራሙ ስናወጣ ሁለት ነገሮች እንዳይዘነጉ ያስፈልጋል። ብሌንደር የድምፅ ፋይሉን ከያለበት ቦታ ስለሚጠራው፣ ፋይሉ ከተዛወረ ወይም ወደ ፕሮጀክቱ ውስጥ ካልታሸገ ድምፁ ይጠፋል፤ ቪዲዮው ሲወጣም የድምፅ መጨመቂያው ካልተመረጠ ፊልሙ ዲዳ ሆኖ ይወጣል። የተጠናቀቀውንም ፊልም በሠሩበት ኮምፒዩተር ብቻ ማየት አይበቃም፤ ገመድ አልባ ማዳመጫ በራሱ ድምፅ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ በባለ ገመድ ማዳመጫና በሌላ መሣሪያ ላይ መፈተን ያሻል።

ለአገራችን ልጆች በአገራችን ቋንቋ የሚናገሩ ሥዕሎችን ለመሥራት የምትነሡ ወጣቶች ሆይ፣ መሣሪያው በነጻ ይገኛል፣ ፊደሉም የከንፈሩን ሥርዓት አስተካክሎ ሰጥቷችኋል። የፍሬሙን ፍጥነት ወስኑ፤ ድምፁን በጥሩ ቦታ አስቀርጹና በዌቭ አስቀምጡ፤ እያንዳንዱን ቃል በመስተዋት ፊት በራሳችሁ አፍ ተናግራችሁ ቅርጹን ተመልከቱ፤ ድምፁ ተዘጋጅቶ በጊዜ መስመሩ ላይ ሳይቀመጥ አንድም ከንፈር አትሣሉ።